ስምንት ወር ከሁለቱም ጋር፦ ተንሸራታች ወይስ ቋሚ ተንሳፋፊ?

ከስምንት ወር በፊት ለዓሣ ማጥመጃዬ ተንሸራታች ተንሳፋፊ (ክሩ ላይ ሆኖ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ዓሣ ሲነክስ የሚጠቁም) ስገዛ፣ ቋሚዎቹን ለአንድ ጀማሪ ጓደኛዬ ልሰጣቸው ነበር። እንኳንም አልሰጠሁ። ዛሬ የማጥመጃ ሣጥኔን ብትከፍቱ አሥራ አንድ ቋሚና ሁለት ተንሸራታች ነው የምታገኙት። ተንሸራታቾቹ ስድስት ነበሩ፤ አራቱ የት እንደገቡ እመጣበታለሁ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ። ቋሚው ከላይና ከታች በሲሊኮን ቱቦ ቁራጭ ክሩ ላይ ይያዛል፣ ጥልቀት ለመቀየር ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ገፋ ማድረግ ነው። ተንሸራታቹ ቀዳዳ ስላለው ክሩ እንደልቡ ያልፍበታል። የምትፈልጉት ጥልቀት ላይ ክሩ ላይ ማገጃ ቋጠሮ ታስራላችሁ፣ ከቋጠሮው በታች ትንሽ ዶቃ ትገባለች። ስትወረውሩ ተንሳፋፊው፣ መንጠቆውን ለማስመጥ ክሩ ላይ ከሚታሰረው ክብደት አጠገብ ነው። ውሃው ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ክሩን እየሳበ ይወርድና ቋጠሮው ዶቃዋን፣ ዶቃዋ ተንሳፋፊውን ስትነካ ይቆማል።

የገዛሁበት ምክንያት ጥልቀት ነው። ዘንጌ 3.9 ሜትር ነው፣ የማዘወትረው ወንዝ ደግሞ መታጠፊያው ጋ 5 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቦታ አለው። እዚያ በቋሚው ማጥመድ ማለት ከተንሳፋፊው በታች ከዘንጉ የሚረዝም ክር አንጠልጥሎ መወርወር ነው። ሞክሩት። መንጠቆው ከኋላችሁ ያለውን ቁጥቋጦ ካልያዘ ሱሪያችሁን ይይዛል። ቢሳካላችሁ እንኳ ዓሣውን ስትስቡ ተንሳፋፊው የዘንጉ ጫፍ ቀለበት ላይ ይሰነቀርና ዓሣው እጅ የማይደርስበት ቦታ ሆኖ ሲንፈራገጥ ታያላችሁ። ተንሸራታቹ ይህን ጣጣ ጥርግ አድርጎ ፈታልኝ። ቋጠሮው በቀለበቶቹ አልፎ ሪሉ ላይ ይጠቀለላል፣ አለቀ።

በዚህ ተደስቼ ሁሉም ቦታ እሱን መጠቀም ጀመርኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ፈጣን ወራጅ ላይ በተንሸራታቹ ደከምኩ፣ በፊት ከምይዘው ግማሹን እንኳ አልያዝኩም። መንጠቆ ቀየርኩ፣ ትል ቀየርኩ፣ የምሄድበትን ሰዓት ቀየርኩ። አንድ ቀን ውሃው ጠርቶ ድንጋይ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ነገሩ ገባኝ። ወንዝ ላይ የላዩ ውሃ ከታችኛው ይፈጥናል፣ የታችኛውን የወንዙ ወለል ስለሚይዘው። ስለዚህ ተንሳፋፊውን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ትሉን ከሚገባው በላይ እያስሮጠ ይጎትተዋል። መላው ክሩን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ተንሳፋፊውን ማዘግየት ነው፣ ያኔ ትሉ ቀድሞ ዓሣው ፊት ይደርሳል። ቋሚው ክሩን እንደጨበጠ ስለሚቆይ ይህን ይችላል፤ ትሉ ትንሽ ከፍ ቢልም እዚያው ጥልቀት አካባቢ ነው። ተንሸራታቹ ላይ ግን ክሩን በያዝኩ ቁጥር ክሩ በቀዳዳው ሾልኮ ወደ እኔ ይመጣል፣ ቋጠሮው ከተንሳፋፊው ይርቃል፣ ትሉም ከሥር ተነስቶ ይወጣል። ወለል ላይ ለሚለቅሙ ዓሦች ከጭንቅላታቸው በላይ ትል ሳበርር ነው የከረምኩት!

ንፋስ ሲኖርም ያው ነው። ንፋሱ ክሩን ቀስት ሲያስመስለው አንስቶ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል መልሶ ማስተኛት የግድ ነው፣ በተንሸራታቹ እያንዳንዷ ማስተካከያ ትሉን ከቦታው ታነሳዋለች።

ቋጠሮው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ በዚያው በናይለን ክር አሰርኩ፣ ተንሸራተተብኝ፣ ጥልቀቱ በየውርወራው ይቀየራል። አሁን በለስላሳ የስፌት ክር አምስት ስድስት ዙር አድርጌ፣ ምራቅ ቀብቼ ነው የማጠብቀው። ጫፎቹን 2 ሴንቲ ያህል ተዉላቸው፤ አጥራችሁ ከቆረጣችኋቸው እንደ እሾህ ቆመው ቀለበት ይነክሳሉ። የዶቃዋ ቀዳዳ ከቋጠሮው የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ቋጠሮው ዘልቆ ያልፍና መንጠቆው ወለሉ ላይ ይተኛል። ለግማሽ ቀን ይህንን «ዓሣ የለም» ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ክብደትም ይፈልጋል። 2 ግራም የሚሸከመው ተንሸራታቼ እርጥብ ክር መሳብ አቅቶት መሃል ላይ ይቀራል። 6 ግራም የሚሸከመው ከመንጠቆው 80 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ አንድ ላይ የተሰበሰበ ክብደት ሳደርግለት ጥሩ ሠራ። ቋሚው ላይ ግን ትንንሾቹን ክብደቶች ክሩ ላይ በትኜ ትሉን ቀስ ብሎ እንዲወርድ አደርገዋለሁ፣ ስንት ዓሣ ገና ሲወርድ ነው የሚነክሰው። በነገራችን ላይ ከእርሳስ ወደ ቆርቆሮ ክብደት ቀይሬያለሁ፤ እርሳስ የውሃ ወፎችን ይመርዛል። ቆርቆሮ ቀለል ስለሚል ለዚያው ግራም ኳሱ ይተልቃል፣ ሌላ ልዩነት አላየሁም።

አሁን አራቱ። መንጠቆ ግንድ ሲይዝና ክሩ ከተንሳፋፊው በታች ሲበጠስ፣ ቋሚው ብዙውን ጊዜ በቱቦዎቹ ተይዞ ይመለሳል። ተንሸራታቹን የሚይዘው ነገር የለም፣ ከክሩ ጫፍ ሾልኮ በወንዙ ይሄዳል። አራት ጊዜ ቆሜ ሸኝቻለሁ። አሁን ዋናው ክር 0.18፣ መንጠቆው ያለበት የጫፉ ክር 0.14 ሚሊሜትር ነው፣ ሲበጠስ ደካማው ይበጠሳል፣ ክብደቱ ዋናው ክር ላይ ቀርቶ ተንሳፋፊውን ያግደዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋኝም።

በዕድሜ በኩል ቋሚዎቹ ራሳቸው ምንም አልሆኑም፣ ቱቦዎቹ ግን አምስት ወር ገደማ ላይ ላልተው ዓሣው መንጠቆው ላይ እንዲጠለፍ ዘንጉን ባነሳሁ ቁጥር ተንሳፋፊው መውረድ ጀመረ። መለዋወጫ ያዙ፣ ጠበብ የሚለውን። ከቀሩት ሁለት ተንሸራታቾች የአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ሻክሮ ክር ይፍቃል፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሞርጄዋለሁ።

አዲስ ለሚጀምር፣ ውሃው ከዘንጋችሁ የሚያጥር ከሆነ ተንሸራታች አትግዙ፣ ገንዘቡን ለቱቦ አውሉት። እኔ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ብቻ እቀይራለሁ። እዚያ ውሃው ቀርፋፋ ስለሆነ ክሩን መያዝ አያስፈልግም፣ ለቀቅ አድርጌ ቋጠሮው ዶቃዋን እስኪነካ እቆጥራለሁ። አሥር ላይ ይደርሳል። ስድስት ላይ ከቆመ የሆነ ነገር መሃል ላይ ትሉን ይዞታል ማለት ነው።