የታይም ካፕሱል ምትክ፦ ናስ (NAS) ወይስ ተራ ሃርድ ዲስክ?

አፕል ታይም ካፕሱልን፣ ማለትም የማክ ኮምፒውተሮችን ፋይል በዋይፋይ እየቀዳ የሚያስቀምጠውን ባለ ዲስክ ራውተር፣ የተወው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ቤታችሁ ያለው ዛሬም ቢሠራ፣ ውስጡ ያለው ዲስክ አርጅቷል። በምን ይተካ?

ርካሹ መንገድ በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ነው። ትሰኩታላችሁ፣ ቀሪውን ታይም ማሽን (የማኩ የራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም) ይጨርሰዋል። ፈጣንም ነው። ችግሩ እኛው ነን፤ ላፕቶፑን ይዞ ሶፋ ላይ የተመቻቸ ሰው ተነስቶ አይሰካም። እንዲሁ ወር ያልፋል።

ሁለት ዲስክ የሚይዝ ናስ (የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ በኔትወርክ የሚጋሩት የፋይል ማስቀመጫ)፣ ለምሳሌ የሲኖሎጂ ኩባንያ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኛል። ከዚያ የቤቱ ማክ ሁሉ በዋይፋይ ራሱ ይቀዳበታል። በሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ፋይል በሚይዙበት አሠራር) ካስተካከላችሁት፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ፋይሉን ይዞ ይጠብቃል። (ሌባ ከገባ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ!) ዋጋው ኪስ ይጎዳል፤ ዲስኮቹም ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚገዙት።

ማኩ አንድ ብቻ ከሆነ ዩኤስቢው ይበቃል። ሦስት አራት ሰው ባለበት ቤት ግን እኔ ናሱን እመርጣለሁ።