ያው ፒስተን፣ ሁለት ጊዜ፦ ከ11 ወር በኋላ

ይህን ፒስተን ሁለት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። ያው ካርቶን፣ ያው ቁጥር፣ ያው የመርካቶ ሱቅ። የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ቆየ። ሁለተኛው ይኸው 11 ወር ሞላው፤ 7,400 ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ። ስለዚህ ከፒስተኑ ይልቅ ስለ አገጣጠሙ ባወራ አትፍረዱብኝ።

ሞተር ሳይክሌ በሆንዳ ሲጂ 125 ዲዛይን የተሠራ የቻይና ኢንጂን ያላት ናት። ከሐዋሳ ሻሸመኔ እመላለስባታለሁ። የአየር ማጣሪያዋ ስፖንጅ ተቀዶ ኖሮ፣ ሳላየው ወራት አለፉ። አቧራው ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ መጣ፣ ጉልበት ጠፋ፣ በየሳምንቱ ዘይት መጨመር ሆነ ሥራዬ። ሲሊንደሩን አስፍቶ ባለ 0.50 ፒስተን (ከመደበኛው በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚወፍር) ከመግጠም ሌላ መላ አልነበረም።

የመጀመሪያውን የገጠመልኝ ጋራዥ በግማሽ ቀን ጨረሰ። እኔም ሞኙ ፍጥነታቸውን አደነቅኩ! በሦስተኛው ሳምንት ጭሱ ብሶበት ተመለሰ። ጠዋት ስትነሳ ደግሞ እንደ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ሻጩን ስረግም ሰነበትኩ።

ራሴ ስከፍታት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፒስተኑ አናት ላይ «ኢን» (መግቢያ) የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። ወደ ካርቡራተሩ በኩል መዞር ሲገባቸው ወደ ማርሚታው ዞረዋል። ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳው ልክ መሃል ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚበሳው፤ ፒስተኑ ዞሮ ሲገባ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይደበድባል። ፒስተኑን ከሚከቡት ቀለበቶች ሁለተኛው፣ ማለትም ሁለተኛው ሪንግም፣ ወደ ላይ መሆን የሚገባው ምልክቱ ወደ ታች ነበር። የዚህ ሪንግ ጠርዝ ዘይት ወደ ታች እንዲጠርግ ነው የተሠራው። ሲገለበጥ ዘይቱን ወደ ላይ ያወጣዋል። ጭሱ ከዚያ ነበር።

ሲሊንደሩ ስለተበላሸ ከወዳጄ ገና ያልሰፋ አሮጌ ሲሊንደር ለምኜ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ሽማግሌው ባለሙያ አየት አደረጉኝና «ፒስተኑስ ልጄ? ሰውየው በሌለበት ሱሪ ይሰፋል እንዴ?» አሉኝ። ተመልሼ አመጣሁ። ካርቶኑ 57 ሚሊ ሜትር ይላል። እሳቸው ከታችኛው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ከፒኑ ጋር መስቀለኛ አድርገው ሲለኩት 56.98 ሆነ። በዚያ ላይ ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ጨምረው ሲሊንደሩን 57.01 አደረጉት።

ቤት ስደርስ በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠብኩት። እናቴ ሳፋዋን ስላበላሸሁባት እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። በቤንዚን ብቻ ማጠብ ግን አይበቃም፤ ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን የሞረዱበት ድንጋይ ዱቄት በግድግዳው ጭረቶች ውስጥ ይቀራል። ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ፈተግኩት፤ ሳይዝግ ወዲያው ዘይት ቀባሁት።

ሪንጎቹን ፒስተኑ ላይ ከመግጠሜ በፊት አንድ በአንድ ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቼ፣ በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርጌ ገፍቼ፣ የአፋቸውን ክፍተት ለካሁ። የላይኛው 0.20 ሚሊ ሜትር ወጣ። ክፍተት ከሌለ ሪንጉ ሲግል መለጠጫ ያጣና ሲሊንደሩን ይነክሳል። አፎቹ በአንድ መስመር እንዳይገጥሙም በሲሶ በሲሶ ዙር አራራቅኋቸው።

ያስለቀሰኝ ፒኑ ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው ክሊፕ ነው። የኢንጂኑን አፍ በጨርቅ ደፍኜ ነበር፤ ደግነቱ! ክሊፑ ከእጄ ተፈናጥሮ ጠፋ፣ በማግስቱ ከጫማ መደርደሪያ ሥር ተገኘ። ኢንጂኑ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ሁሉንም መፍታት ነበር። የመጀመሪያውን ፒስተን አሮጌ ክሊፕ ልመልስ አላልኩም፤ አንዴ የተጣመመ ክሊፕ አይታመንም። የቀረው ቀላል ነው። ሲጂ ባልቦላዎቿን በዘንግ ስለምትገፋ የታይሚንግ ካቴና ጣጣ የለባትም።

በሮዳጁ ጊዜ፣ አዲሱ ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ፣ በዝግታ አልነዳኋትም፣ አላስጨነቅኳትምም። ነዳጁን ሰጥ ለቀቅ እያደረግኩ ነበር። በ100 ኪሎ ሜትር ያፈሰስኩት ዘይት በብረት ብናኝ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። የዚህች ኢንጂን የዘይት ወንፊት የብረት ነው፣ የወረቀት ማጣሪያ የላትም፤ ስለዚህ ዘይት ላይ መቆጠብ አይሆንም።

ዛሬ ጭስ የለም። በ1,000 ኪሎ ሜትር ከአንድ የቡና ስኒ የማይበልጥ ዘይት እጨምራለሁ። ካንዴላው ቡናማ ነው፣ ደህና እየነደደ ነው ማለት ነው። ጠዋት ለግማሽ ደቂቃ ትንሽ ኳኳታ አለ፣ ስትሞቅ ይጠፋል። ጉልበት ጨመረ ወይ ለምትሉኝ፣ ሲሊንደሩ በመስፋቱ 124 ሲሲ 126 ቢሆን ወደ ሻሸመኔ የሚያወጣው ዳገት አያውቀውም።

ቅሬታዬ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የመጣው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው የሚገባው ማሸጊያ) ነው። ስስ ስለሆነ በሁለተኛው ወር ዘይት ማላብ ጀመረ፤ ቀየርኩት። የአገጣጠም መመሪያ ደግሞ አንዲት መስመር እንኳ የለውም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ሳትጨርሱ ይቀየራል።

ሰዎች ለመጠባበቂያ የ0.75ቱን ፒስተን ግዛና አስቀምጥ ይሉኛል። እኔ የገዛሁት ሁለት የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ነው።