ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ የቅዳሜ ጃቫ ስልጠና፦ ለመምህሩ ሲባል ግቡ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮዲንግ የት ልማር የሚለኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው። ማሰልጠኛውን ግን በስም አልጠራም፤ ወቀሳም አለኝና።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ስንመዘገብ ጄነሬተር አለን ብለውን ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። የሚያድሉት ወረቀት የኮፒ ኮፒ ነው፤ ነጥቡና ኮማው አይለይም። ጃቫ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነውና ለተማሪው ይሄ ቀልድ አይደለም።

መምህሩ ግን ሌላ ነው። ስታቲክና ኢንስታንስ የሚባሉትን ሁለት የሜተድ ዓይነቶች (ሜተድ ማለት በስሙ የሚጠራ የፕሮግራም ሥራ ነው) ያስተማረን በዘጌ ጀልባዎች ነው። «ጀልባ» የሚል ክላስ፣ ማለትም ንድፍ፣ በአማርኛ ፊደል ጻፈ። (ጃቫ የግዕዝ ፊደል ለስም ይቀበላል፤ ብዙ ሰው አያውቅም።) ይቺ ጀልባ ስንት ሰው ጫነች? ይሄ የኦብጀክቱ፣ ከንድፉ የተሠራችው የአንዷ ጀልባ፣ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ኢንስታንስ። በጠቅላላ ስንት ጀልባ አለን? ይሄ የክላሱ ነው፤ ስለዚህ ስታቲክ።

አንዷ ልጅ «ሁለቱንም ‹ቁጠር› ብንላቸውስ?» አለች። «ጻፊውና እዪው» አላት። ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ወዲያው ጮኸ፦ ይህ ሜተድ አስቀድሞ ተገልጿል። ጃቫ ስምና ፓራሜትር (ሜተዱ የሚቀበለው ነገር) አንድ ከሆኑ አንዱ ስታቲክ ነው ብሎ አይምርም። ክላሱ ውስጥ ሆናችሁ «ቁጠር» ብቻ ብትሉ የትኛውን ይጥራ? ሌላው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ስታቲኩን ክላሱ ላይ ስለሚያስቀምጠው ሁለቱንም ያኖራል። ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ትንፍሽ ሳይል የኋለኛውን ይዞ የፊተኛውን ይጥላል። ለእኔ ይሄ ይብሳል፤ ጩኸቱ ይሻለኛል።

ፓራሜትር ሲለያይ ያልፋል፤ ጣጣው ግን አያልቅም። የጃቫ የራሱ ኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር ክላስ) ሁለት ዓይነት ቱስትሪንግ (ወደ ጽሑፍ መቀየሪያ ሜተድ) አለው፦ ቁጥር የሚቀበል ስታቲክ፣ ምንም የማይቀበል ኢንስታንስ። በ2014 ጃቫ 8 ሜተድን በስሙ ብቻ አሳልፎ መስጠትን አመጣ። የቁጥር ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ልትቀይሩ «ኢንቲጀር፣ ቱስትሪንግ» ስትሉት ሁለቱም ስለሚሆኑ ኮምፓይለሩ የትኛውን ነው ብሎ እምቢ ይላል። መምህሩ ይህን አስጽፎን፣ እስክንበሳጭ ጠብቆ፣ በስትሪንግ ቫልዩኦፍ (በሌላ ወደ ጽሑፍ መቀየሪያ ሜተድ) አስፈታን።

ውርስ (አንድ ክላስ የሌላውን ሜተዶች መውረሱ) ላይ ሲደርስ ግን ሮጠ። ልጁ ክላስ የወላጁን ስታቲክ ሜተድ ስም ቢደግም ይሸፍነዋል እንጂ አይተካውም፤ የሚጠራውን የሚወስነው ተለዋዋጩ (ኦብጀክቱን የያዘው ስም) የታወጀበት ዓይነት ነው። ይሄን ሁሉ በችኮላ፣ ያለ አንድ ልምምድ! ሌላ ቅዳሜ ጨምርልን ብለነዋል፤ እሺ ብሏል። ኧረ ይጨምር፣ ከፍለንበታል።