ለአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ፦ ትንሹ ኮሌጅ ወይስ ትልቁ?

ገንዘብ፦ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። በዲቪዚዮን 3 (ትንንሾቹ ኮሌጆች በሚወዳደሩበት ደረጃ) ደመወዙ ልከኛ ነው፤ ብዙዎች ሌላ ሥራ ደርበው ይሠራሉ።

ተጫዋች፦ ዲቪዚዮን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የሚመጣው ልጅ ጨዋታውን ስለሚወድ ነው። ለእኔ ትልቁ ውበት ይሄ ነው።

ዕድሜ፦ ጆን ጋግሊያርዲ በሚኒሶታው ትንሽ ኮሌጅ በሴንት ጆንስ ከ1953 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አሰልጥኗል። በጠቅላላው 489 ድል ይዞ ጡረታ ወጣ፤ በኮሌጅ ፉትቦል ክብረ ወሰን ነው። በልምምድ ላይ ልጆቹን እርስ በርስ አያጋጭም ነበር! ትልቁ ቦታ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን አይሰጥም።

ስጋት፦ አሰልጣኝ ላንስ ሊፖልድ በዲቪዚዮን 3ቱ ዋይትዋተር 6 ዋንጫ አንስቶ በ2015 ወደ ትልቁ ደረጃ፣ ወደ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት 10 ጨዋታ ተሸነፈ። ታገሱት፤ በ2021 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። ሁሉም እንዲህ አይታገሥም።

ልጆቹን በአንድ ከተማ ማሳደግ ለሚፈልግ ትንሹ ይሻላል። ቤተሰቡ ዕቃ ጠቅልሎ መዞር የማይከብደው፣ መባረርንም የሚችል፣ ትልቁን ይሞክር።