ሠላሳ ዜሮ ስድስት ወይስ ክሪድሙር?

ባሕር ዳር ቡና ላይ የጠመንጃ ወሬ ከተነሳ አያልቅም። አዛውንቶቹ «የጥንቱን የመሰለ የለም» ይላሉ። ወጣቶቹ ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ክሪድሙር የተባለ አዲስ ጥይት ያወድሳሉ። እስቲ እናስተያያቸው።

ሠላሳ ዜሮ ስድስት በ1906 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር የወጣ ጥይት ነው። ለእኛም ባዳ አይደለም፤ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ይዞት የተዋጋው ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ነው። 6.5 ክሪድሙር ግን የ2007 እ.ኤ.አ. ልጅ ነው።

አሮጌው 11.7 ግራም እርሳስ ሲተኩስ ከአፈሙዙ 3,900 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይዞ ይወጣል። አዲሱ በ9.1 ግራም 3,100 ገደማ። በጉልበት አሮጌው ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። ለትልቅ አጋዘን እኔም እሱን እመርጣለሁ።

የአዲሱ ብልጫ ሌላ ነው። እርሳሱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፤ ንፋስም ያን ያህል አይገፋውም። ደግሞ ትከሻ አይደቁስም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ገና ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አፈሙዙም ዝቅ ይላል። ያኔ 3,900 ጁሉ አፈር ላይ ነው የሚያርፈው።

ርቀቱስ? አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ማዶ ያለ በሬ ምን ያህል እንደሚያንስ እዩ። በግማሹ ርቀት የሁለቱ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ከድልድዩ ርዝመት ሲያልፍ ክሪድሙር ይሻላል፤ ግን ከዚያ ርቆ እንስሳ ላይ መተኮስ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቁማር ነው።