«አይቀልጥም» የሚባል ቸኮሌት ከቀረበላችሁ

ለሰርግ ቸኮሌት በቴሌግራም ልታዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የእህቴ ልጅ ሰርግ ጥር ላይ ነበር። ሙሽራዋ የደብረ ብርሃን፣ ሙሽራው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። ለእንግዳ የሚታደለውን እቤት እንሥራ አልን። ዳቦ ቆሎና ተምር ቸኮሌት ውስጥ እየነከርን፣ አምስት አምስት ፍሬ በትንሽ ከረጢት። ሐሳቡ የኔ ስለነበር ቸኮሌት የመግዛቱ ጣጣም እኔው ላይ ወደቀ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ አገኘሁ። «ኦሪጅናል የቤልጂየም፣ ንጹህ የካካዎ ቅቤ» ይላል። ዋጋው ሱቅ ከጠየቅሁት በሲሶ ያነሰ ነው። ሸዋ ሮቢት እንደሚሄድ ስነግረው «እሱማ አይቀልጥም፣ ቆላም ውሰጂው» አለኝ። ደስ አለኝ! ጣርማ በርን ወርዶ የሚያውቅ ይገባዋል፤ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ትነሳላችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ ላብ ነው። ለ6 ኪሎ ሙሉውን በግል አካውንት አስገባሁ። ደረሰኝ? አልጠየቅሁም።

እቃው በሚኒባስ መጣ። ነጭ ፌስታል፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት። «ከትልቅ ካርቶን ስለሚመዘን ነው» ተባልኩ፤ አመንኩ።

የነከርነው ዓርብ ቀን ነው። ወተት ይኑርበት አይኑርበት የሚናገር ጽሑፍ ስለሌለ፣ ጾም እንዳንሽር ብለን ማናችንም አልቀመስንም። መልኩ ግን ያምራል። በደብረ ብርሃን ብርድ ወዲያው ደረቀ። ሰብረን አየነው፣ ቀጭ ይላል። (ለደጋ ሰው ይሄ ምልክት አይሆንም፤ በዚያ ብርድ ቅቤም ቀጭ ይላል።)

እሑድ ሸዋ ሮቢት ደረስን። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል፣ አንድም ፍሬ አልቀለጠም። ችግሩ አፍ ውስጥም አልቀለጠም። ላንቃ ላይ እንደ ሞራ ይለጠፋል። አንድ አባት አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚበራ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በኋላ ኬክ የምትሠራ ጓደኛዬ አስረዳችኝ። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የሰው አፍ ደግሞ 37 አካባቢ ነው። እውነተኛ ቸኮሌት ምላስ ላይ የሚሟሟው ለዚህ ነው፤ በቆላ ሙቀት የሚለሰልሰውም ለዚሁ ነው። «ንጹህ የካካዎ ቅቤ» እና «ሙቀት አይነካውም» አንድ ላይ አይሄዱም። ውሸቱን በራሱ አፍ ነግሮኝ ነበር ማለት ነው!

የተሸጠልኝ ኮምፓውንድ የሚባለው ነው፤ በካካዎ ቅቤ ፋንታ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት። ኮምፓውንድ በስሙና በዋጋው ከተሸጠ ነውር የለበትም። ጥሩውማ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል። የካካዎ ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በዓለም ገበያ በቶን ከ12,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ቢቀንስም፣ ርካሽ «ኦሪጅናል» ሲቀርብላችሁ ጠርጥሩ። ሌላም ምልክት ነበር። «አቅልጠሽ መንከር ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። እውነተኛው ጥቁር ቸኮሌት ግን 45 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቀልጣል፣ ወደ 27 ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ 31 ላይ መልሶ ይሞቃል። አለዚያ ይዥጎረጎራል፣ አያብረቀርቅም።

ስደውልለት «ውሃ አስገብታችሁበት ነው» አለኝ። ውሃ የገባበት ቸኮሌት እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ የኛ እንደ ዘይት ነው የፈሰሰው። ይህን ስነግረው ብሎክ አደረገኝ።

በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ግን በምን ማስረጃ? የሻጩን ትክክለኛ ስም እንኳ አላውቅም። እናንተ ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ጋ አትሂዱ። በፋብሪካው ማሸጊያ ያለውን ግዙ፣ ይዘቱ ላይ «የካካዎ ቅቤ» መኖሩን አንብቡ። መጀመሪያ 100 ግራም ብቻ አስመጡና ምላሳችሁ ላይ አቆዩት፤ በማይጾም ቀን እንግዲህ።

ሰውየው አሁን በሌላ ስም ቻናል ከፍቶ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ትዕዛዝ እየተቀበለ ነው። ፎቶው ያው ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የተከመረ ቸኮሌት፣ ጎኑ ላይ የሸክላ ስኒ።