ፍሪሲዮን ስታስቀይሩ «ለዲፈረንሻል ሃይድሮሊክ» እንዳትከፍሉ

መኪናችሁን ለፍሪሲዮን ቅየራ ጋራዥ ልታስገቡ ያሰባችሁ ሰዎች፣ የሚሰጣችሁን የዋጋ ዝርዝር እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ሸራ፣ ፕሬሸር፣ ኩሽኔታ፣ የእጅ ዋጋ እያለ ይወርድና ታች ላይ «የዲፈረንሻል ሃይድሮሊክ አየር ማስወጣት» የሚል ነገር ካገኛችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አስረዱኝ በሉ። በአብዛኛው መኪና ላይ እንዲህ የሚባል ሥራ የለም።

እኔን ያጋጠመኝ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የቤተሰባችን ሃይሉክስ ፍሪሲዮኑ አልቆ ነበር፤ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈጥንም። ሸራውም ፕሬሸሩም ኩሽኔታውም እንዲቀየር ተስማማን። ልረከብ ስሄድ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ድረስ ይገባል፣ ማርሽ አይገባም። ዋናው መካኒክ «እህቴ፣ ዲፈረንሻሉ አየር ይዟል፣ ሃይድሮሊኩ በሙሉ መሠራት አለበት» አለኝና የእጅ ዋጋውን ግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ ጠየቀኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ ስለው «ይሄ የቴክኒክ ነገር ነው» ብሎ ዞረ። እኔም ለአጎቴ ደወልኩ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶሞቲቭ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ስልኩን ለመካኒኩ ሳቀብለው ጭማሪው ወዲያው «ስህተት» ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ አጎት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል ስትረግጡ የላይኛው ፖምፓ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይገፋል። የታችኛው ፖምፓ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ደግሞ ፕሬሸሩን ተጭኖ ሸራውን ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ያላቅቃል። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ እግራችሁ አየሩን ሲጨምቅ ይውላል እንጂ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም። የአየር ማስወጣት ሥራ ማለት ይህን ማስተካከል ብቻ ነው። የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሃይሉክስ ላይ በኋላ ጎማዎች መሀል ያለው ድቡልቡል ቤት ማለት ነው። ውስጡ ጥርስና ወፍራም የማርሽ ዘይት አለ፣ ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ የለም። አየር ቢኖርበትም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሲሞቅ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ተሠርቶለታል።

እውነት የሚመስልበት ቦታ ስላለ እሱንም ልናገር። የፊት ጎማ በሚነዳቸው መኪኖች ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ ዘይቱ ስለሚፈስ የአዲስ ካምቢዮ ዘይት ዋጋ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ በአራት ጎማ የሚነዱ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ከኋላው ዲፈረንሻል ጋር የተያያዘ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃልዴክስ የሚባል መያዣ አላቸው። እሱም ቢሆን የራሱ ዘይትና የራሱ አገልግሎት አለው፣ ከእግር ፍሪሲዮን ጋር ግንኙነት የለውም። የድሮዋ ቮልስ (ቢትል) ያላችሁማ ፍሪሲዮናችሁ የሚሠራው በገመድ ነው፤ የሚወጣ አየርም የለውም።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የሃይሉክስ የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ጎን በውጭ በኩል በሁለት ቡሎን የታሰረ ነው። ካምቢዮ ሲወርድ ቱቦውን ሳይፈቱ ፖምፓውን ብቻ ነቅሎ ወደ ጎን ማንጠልጠል ይቻላል። መስመሩ ካልተከፈተ አየር አይገባም። ፖምፓው ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ፔዳሉን መርገጥ የለበትም፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ አየር ይገባል። የእኛ መኪና ካምቢዮ ጎኑ በፍሬን ዘይት ርሶ ነበር። ሲገባ ችግሩ ሸራው ብቻ ነበር፣ ፔዳሉ ደህና ነበር። ራሳቸው ያስገቡትን አየር ነው በገንዘብ ሊያወጡልኝ የፈለጉት!

ታችኛው ፖምፓ ካምቢዮ ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራባቸው መኪኖችም አሉ። እዚያ ላይ መስመሩ የግድ ይከፈታል፣ አየር ማስወጣቱም የሥራው አካል ነው። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፖምፓውን አብሮ መቀየር ይሻላል፤ በኋላ ቢያፈስ ድጋሚ ካምቢዮ ማውረድ ይመጣል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ሆኖ አየር ማስወጫውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በገላጣ ቱቦ የሚወጣው ዘይት አረፋ አልባ እስኪሆን ይደጋገማል፣ ላይ ያለው ማጠራቀሚያም እንዳይጎድል ይሞላል። ግማሽ ሊትር ዘይት ይተርፈዋል። ቆም ብላችሁ ማየት ያለባችሁ የሚጨመረውን ዘይት ነው። የታሸገ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ይሁን፣ የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ከያዘ በኋላ ግን ገደቡ 140 ነው። ስለዚህ ተከፍቶ የሰነበተ ጠርሙስ ወይም ከታች የተቀዳው ዘይት ተመልሶ እንዳይገባ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከጨመሩበት ደግሞ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ አንዳንድ መኪና ላይ ፍሬንና ፍሪሲዮን ከአንድ ማጠራቀሚያ ስለሚጠጡ ፍሬናችሁም አብሮ ይበላሻል።

«ፍሪሲዮንህ አልቋል» ስትባሉም ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ይህን ሞክሩ። ማርሽ አልገባ ሲል ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡት። ከዚያ በኋላ ከገባ፣ ጥፋቱ አየር ወይም የሚያፈስ ፖምፓ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፣ ሸራ መቀየር አያስፈልግም ይሆናል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ግን ሸራው ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ «የቴክኒክ ነገር ነው» መረጃ አይደለም። ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ካልሰጡ ወይም ላልተሠራ ሥራ ካስከፈሏችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።